ማሸጊያውን ጠብቁት፤ ግን አትመኑት

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ ከአስኮ እስከ ዓለም ባንክ፣ ከኮልፌ 18 እስከ አየር ጤና፣ ዓረብ አገር የሚሠራ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው። ከዚያ የመጣ ሻንጣ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ በአብዛኛው ይታወቃል፦ ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ የልጆች ልብስ፣ ስልክ። አሁን አሁን ግን ከሻንጣው ሳይሆን ከእጅ ቦርሳው ውስጠኛ ኪስ የምትወጣ አንዲት ትንሽ ነገር ተጨምራለች። የመታወቂያ ካርድ የምታህል ጠንካራ ፕላስቲክ ናት። በመሃሏ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ጥፍጥፍ ወርቅ ተቀምጧል። ከጎኑ ክብደቱ፣ ጥራቱ፣ ተከታታይ ቁጥሩና የመርማሪው ፊርማ ታትሟል።

ክርክሩም ከዚያው ይጀምራል።

እናት «ጆሮሽ ላይ ካልዋለ ምኑን ወርቅ ሆነ? ይከፈትና ጉትቻና ቀለበት ይሠራበት» ትላለች። ወንድም «ካልተከፈተ ወርቅ መሆኑ በምን ይታወቃል?» ይላል። ላቧን ያፈሰሰችበት ልጅ ደግሞ «የሸጠልኝ ሰው እንዳትከፍቺው ብሎኛል» ብላ ካርዱን በመሐረብ መልሳ ትጠቀልለዋለች።

ሦስቱም እውነት አላቸው። ሦስቱም ግን አንድ ጥያቄ ዘለዋል፦ ማሸጊያው የሚመሰክረው ለማን ነው? ማሸጊያ ለወርቅ ባለቤት፣ ለወርቅ ገዢና ለወርቅ ሠሪ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ይህ ሲለይ መክፈትና አለመክፈት የሚለው ጭቅጭቅ ግማሹ ያልቃል።

🔸 ለምን ያን ያህል ያከራክራል?

ገንዘቡ ቀላል ስላልሆነ ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። አንድ አውንስ ወርቅ፣ ማለትም 31.1 ግራም፣ በዓለም ገበያ 2,400 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር። በባንክ ምንዛሪ ሲሰላ አንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ወደ 4,400 ብር ይመጣል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የአውንሱ ዋጋ 4,000 ዶላርን ሲሻገር ዶላሩም ከ140 ብር በላይ ሆኖ ነበር። ያው አንድ ግራም ከ18,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ በመሐረብ የተጠቀለለችው 10 ግራም ከ44,000 ብር ተነስታ በአሥራ አራት ወር ውስጥ 180,000 ብር ደርሳለች። ብሩን በባንክ ደብተር ያስቀመጠው ጎረቤት ያገኘው ወለድ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በሌላው በኩል ያለው ሒሳብ ደግሞ ይከብዳል። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ የቤት ሠራተኛ በዚያ ዋጋ 10 ግራም ለመግዛት ወደ አምስት ወር የሚጠጋ ደመወዝ ያስፈልጋታል፤ ያውም አንድ ሪያል ሳትነካ፣ ለቤተሰብ ሳትልክ። ያቺ ፕላስቲክ ውስጥ ያለችው ነገር ብረት ሆና ብትገኝ የሚጠፋው ብር ብቻ አይደለም፤ የሰው ዕድሜ ነው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ተረት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ተረት አይመስልም።

🔸 ወርቅ ማሸጊያ አያስፈልገውም

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት ይስተካከል። ብዙ ሰው ወርቁ የታሸገው አየር እንዳያበላሸው ይመስለዋል። ንጹሕ ወርቅ አይዝግም፣ አይጠቁርም፣ እርጥበት አይበላውም። ለስላሳ ስለሆነ ይጫጫር ይሆናል፤ ጭረት ግን መልኩን እንጂ ክብደቱን ያን ያህል አይነካም።

ማሸጊያ ዕቃውን የሚጠብቅበት ዘመን በዚህ አገርም ነበር። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ጊዜ ነጋዴ ጨው አሞሌውን በሸምበቆ ልጥ አስሮ ያጓጉዘው ነበር። አሞሌ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል፤ ዝናብ ከነካው ይሟሟል። ማሰሪያው የሚጠብቀው ጨውን ራሱን ነበር። የወርቁ ፕላስቲክ ግን ወርቁን አይጠብቅም። የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው፦ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ እጅ አልገባበትም የሚለውን ቃል። ማሸጊያው የሚሸጠው እምነት ነው።

እምነት ደግሞ ዋጋ የሚኖረው ቃሉን የሚያውቅና የሚቀበል ሰው ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ዱባይ ወይም ዙሪክ ያለ ነጋዴ የስዊሱን የፓምፕን ካርድ ሲያይ ያውቀዋል፤ ቁጥሩን ያነጻጽራል፤ ካልተከፈተ በደህና ዋጋ ይገዛል። ከተከፈተ ግን ለምርመራ ይልከዋል፤ ወይም ዋጋውን ይቀንሳል። አንዳንድ አምራቾችም ዋስትናቸው ካርዱ እስካልተከፈተ ድረስ ብቻ እንደሆነ ይናገራሉ። አዲስ አበባ ያለ ወርቅ ሠሪ ግን ካርዱን ገልብጦ አይቶ ያስቀምጠውና የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ግራም? ስንት ካራት? እሱ የሚያምነው ሚዛኑን፣ መፈተኛ ድንጋዩንና አሲዱን ነው። ለእሱ ያ ካርድ የሚቀደድ ፕላስቲክ ነው።

የልጅቱ ሻጭ «እንዳትከፍቺው» ያላት የራሱን ገበያ እያሰበ ነው። ትክክል ነው፤ ግን ለእሱ አገር ነው ትክክል የሆነው። የእሷ ጥያቄ መሆን ያለበት «ይህን ወርቅ አንድ ቀን የምሸጠው የት ነው? ለማንስ ነው?» የሚለው ነው።

🔸 በ2000 ዓ.ም. የሆነው

ማኅተምን ማመን የት እንደሚያደርስ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመጋቢት 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በካዝናው ያለውን ወርቅ ሁሉ እንዲያስፈትሽ መታዘዙ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተሰማ። ነገሩ የፈነዳው ባንኩ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ ተመልሶ በመምጣቱ ነው። ተቀባዮቹ «የላካችሁልን ወርቅ የተቀባ ብረት ነው» አሉ። ሲጣራ ባንኩ ሐሰተኛውን ወርቅ በሚሊዮኖች ዶላር በሚቆጠር ዋጋ ከአቅራቢ ገዝቶታል። አቅራቢው፣ የባንኩ ኃላፊዎችና ባንኩ የሚገዛውን ወርቅ መርምሮ የማረጋገጥ ሥራ የነበራቸው የጂኦሎጂካል ሰርቬይ ኬሚስቶች ተጠርጥረው ታሰሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ያ ወርቅ ወረቀት አልጎደለውም። መርማሪ ተቋም ነበረው፣ ማረጋገጫ ነበረው፣ የተረከበው የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ከዚህ በላይ ማኅተም የለም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ከማኅተሙ ሰዎች ውጭ የሆነ አንድ ሰው አንሥቶ አልመዘነውም። ደቡብ አፍሪካዊው ገዢ ያደረገው ይህንኑ ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ምርመራው ቀላል መሆኑ ነው። የወርቅ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም ነው፤ የብረት 7.9 ገደማ ነው። ስለዚህ ወርቅ የተቀባ ብረት ከሁለት አንዱን መሆን አለበት፦ ወይ መጠኑ ከእውነተኛው እኩል ሆኖ ክብደቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ወይ ክብደቱ እኩል ሆኖ መጠኑ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ሦስተኛ መንገድ የለውም። ይህን ለማወቅ ሚዛንና አንድ ባልዲ ውኃ ይበቃል። ማግኔትም አብዛኛውን ዓይነት ብረት ይስባል፤ ወርቅን አይስብም። ያኔ የጠፋው መሣሪያ ሳይሆን መጠርጠር ነው።

በዚያው ሰሞን የተሰማው ሁለተኛው ወሬ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ወደ ጅቡቲ ሊያሻግሩ ከነበሩ ኮንትሮባንዲስቶች ተይዞ ለዓመታት በካዝና ውስጥ የተቀመጠ ወርቅም ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። ጥያቄው ግልጽ ነው፦ ሲያዝም ሐሰተኛ ነበር ወይስ ካዝና ከገባ በኋላ ተለወጠ? በገባበት ቀን በገለልተኛ ወገን ያልተፈተሸ ወርቅ ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም። መሐረብ ውስጥ ያለችው 10 ግራምም እንዲሁ ናት። ከአምስት ዓመት በኋላ ብረት ሆና ብትገኝ ጥፋቱ የሻጩ ይሁን፣ ሻንጣውን ያመጣው ሰው ይሁን፣ ቤት ውስጥ ያለ እጅ ይሁን ማንም አያውቅም። ያኔ ሁሉም ይጠረጠራል። በሐሰተኛ ወርቅ የፈረሰ ዝምድና ደግሞ በሚዛን አይጠገንም።

🔸 ሌላውም ዓለም አልዳነም

«እነሱ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም» የሚል ካለ ሦስት ታሪኮች ይበቁታል።

አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ ኦታዋ አንድ ጌጣጌጥ ሠሪ ከታወቀ ትልቅ ባንክ አንድ አውንስ ወርቅ በታሸገ ካርድ ገዛ። ላዩ ላይ የአገሪቱ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ማኅተም ነበረበት። ሊሠራበት ከፍቶ ሲሞክር ከረረበት፤ ወርቅ ለስላሳ ነው፣ ይህ ግን አልታዘዝ አለው። ሲፈተሽ ወርቅ አልነበረም። ማተሚያ ቤቱም ወርቁ የእኔ አይደለም አለ። ማሸጊያው ምንም አልጎደለውም ነበር፤ ሻጩም ባንክ ነበር።

ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሮይተርስ እንደዘገበው በታላላቅ ባንኮች ካዝና ውስጥ ሳይቀር የስዊስ አንጣሪዎች ማኅተም በሐሰት የተመታባቸው የአንድ ኪሎ ጥፍጥፎች ተገኙ። የሚገርመው ወርቁ እውነተኛ ነበር! የተጭበረበረው ማኅተሙ ብቻ ነው። ምንጩ እንዳይታወቅ የሚፈለግ ወርቅ የሌላ ሰው ስም ለብሶ ወደ ንጹሕ ገበያ እንዲገባ የተደረገ ይመስላል። ጉዳዩ የታወቀውም ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ጥፍጥፎች በአንድ ካዝና በመገናኘታቸው ነው።

ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቻይና ዉሃን ከተማ ኪንጎልድ የተባለ ትልቅ የጌጣጌጥ ኩባንያ 83 ቶን ወርቅ አስይዞ 20 ቢሊዮን ዩዋን ያህል መበደሩ ታወቀ። ብድሩ አልከፈል ሲል አበዳሪዎች መያዣውን ከፍተው ፈተሹት። ወርቅ የተቀባ መዳብ አገኙ። ወርቁ ኢንሹራንስ ሳይቀር ተገብቶለት ነበር።

በኦታዋ ማኅተሙም ወርቁም ሐሰት ነበር። በስዊሶቹ ጉዳይ ማኅተሙ ሐሰት፣ ወርቁ እውነት ነበር። በዉሃን ደግሞ ሁሉም ወረቀቱን ይዞ ወርቁን የነካው አልነበረም። ማኅተምና ወርቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ሁልጊዜ አይመሰክርም።

የድሮ ሰው ይህን ያውቅ ነበር። ጠገራ ብር ሲቀበል የእቴጌይቱን ዘውድ እንቁዎችና የትከሻዋን ጌጥ ሳያይ፣ ያለቀውን ሳይለይ አይወስድም ነበር። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ለኤርትራ የራሱን ንጉሥ ምስል ያለበት ብር ቢያትምም፣ የብሩ ጥራት ከጠገራው ያነሰ ነበርና ሕዝቡ ፊት ነሳው። በብሩ ላይ የመንግሥት ማኅተም ነበረበት፤ እምነት ግን በማኅተም ብቻ አልመጣም።

🔸 እና ይከፈት?

አይ፣ አይከፈት። ቢያንስ በችኮላ አይከፈት። ማሸጊያን አለማመንና ማሸጊያን መቅደድ አንድ አይደሉም።

አለመክፈት የሚሻልበት የመጀመሪያው ምክንያት የወንድምን ጥያቄ ሳይከፍቱም በከፊል መመለስ ስለሚቻል ነው። በካርዱ ላይ ያለው ቁጥር በወርቁ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆን አለበት። የፕላስቲኩ ጠርዝ ተላቆ እንደገና የተጣበቀ መምሰል የለበትም። ማግኔት ከፕላስቲኩ በላይ ሆኖም ይሠራል። ከተመሳሳይ አምራች የሆነ፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ካርድ ከተገኘ ሁለቱን ከነማሸጊያቸው በጥሩ ሚዛን አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻላል። አንዳንድ አምራቾች የወርቁን ገጽ በስልክ ካሜራ አንሥቶ ከመዝገባቸው ጋር የሚያስተያይ አሠራር አላቸው። በፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ የብረቱን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም የሚለኩ መሣሪያዎችም በዓለም ገበያ አሉ።

ከነዚህ አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም። ማግኔቱ መዳብንና እርሳስን አይለይም። ቁጥሩም ሊቀዳ ይችላል፤ ለዚህ ነው የካርድን ፎቶ ከነቁጥሩ በቴሌግራምና በቲክቶክ መለጠፍ ሞኝነት የሚሆነው። እንኳን ለሌባ፣ ለአስመሳይም ሥራ ማቅለል ነው። ተንግስተን የሚባለው ብረት ደግሞ እፍጋቱ 19.25 ስለሆነ ውኃውንም ሚዛኑንም ያታልላል። መፈተኛ ድንጋዩና አሲዱም የሚያዩት ላዩን ነው። ሁሉም ተደምረው ግን የአጭበርባሪውን መንገድ ያጠቡታል።

ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። እዚህ አገር ጥሬ ወርቅ ያለፈቃድ መነገድ የተከለከለ ነው። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከወርቅ ወደ ውጭ በመላክ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያገኘች ሲሆን፣ መንግሥት በኮንትሮባንድ ላይ ዓይኑን ያፈጠጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጥር ያለው፣ ያልተከፈተ፣ ከነደረሰኙና ጉምሩክ ካስመዘገቡበት ወረቀት ጋር የተቀመጠ ጥፍጥፍ ታሪክ አለው፤ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ካርዱ ተጥሎ ወርቁ ብቻ በጨርቅ ከተቋጠረ ግን ከማዕድን ጉድጓድ ከወጣው ወርቅ በምን ይለያል? ስለዚህ ከፕላስቲኩ ይልቅ ደረሰኙ የበለጠ ሊጠበቅ ይገባል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ካርዱን ይሳሳለታል፣ ደረሰኙን ከሻንጣው ቆሻሻ ጋር ይጥላል።

ሦስተኛው ምክንያት የእናትን ሐሳብ የሚመለከት ነው፤ ገንዘብ በብዛት የሚፈሰውም እዚህ ላይ ነው። ወርቅን ማጌጥ ነውር የለበትም። ለኒካህም ለሠርግም ወርቅ የሚወጣው እንዲታይ ነው። ግን ጥፍጥፉ 24 ካራት ነው፤ ጉትቻና ቀለበት የሚሠራው ብዙ ጊዜ በ21 ወይም በ18 ካራት ነው። ከሺህ እጅ 21 ካራት 875፣ 18 ካራት 750 ንጹሕ ወርቅ አለው፤ የቀረው መዳብና ብር ነው። ስለዚህ 10 ግራም ጥፍጥፍ ሙሉ በሙሉ ወደ ጌጥ ከተለወጠ በ21 ካራት 11.4 ግራም፣ በ18 ካራት 13.3 ግራም ሊመዝን ይገባዋል፤ በሥራ ላይ የሚጠፋው ጥቂት ነው።

አሁን የሚሆነውን እንመልከት። 10 ግራም ጥፍጥፍ ተሰጥቶ 10 ግራም የ18 ካራት ጌጥ ሲመለስ ቤተሰቡ «ግራሙ ልክ ነው» ብሎ አመስግኖ ይሄዳል። ውስጡ ያለው ንጹሕ ወርቅ ግን 7.5 ግራም ነው። 2.5 ግራም፣ በላይ በተነሣው ዋጋ 45,000 ብር፣ ቀረ ማለት ነው። በዚያ ላይ የእጅ ዋጋ ተከፍሏል፤ ጌጡ ሲሸጥ ደግሞ የእጅ ዋጋን የሚመልስ የለም። ሐሰተኛ ወርቅ የሚገጥመው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ኪሳራ ግን ማንም ሳይሰርቅ፣ ሁሉም እየተመሰጋገነ የሚደርስ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ማሸጊያውን መጠበቅ ያለበት ከሌባ ይልቅ ከዚህ ነው።

🔸 ገዢ ሲመጣ

እውነተኛው ፈተና ወርቁ የሚሸጥ ዕለት ይመጣል። ቤት ሊከራይ፣ ሰው ታሞ፣ እቁብ ሳይደርስ ገንዘብ ሲያስፈልግ። ገዢው «ክፈቺውና ልየው» ይላል። ባለቤቷ «ከከፈትኩት በኋላ አልገዛም ብትልስ?» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሽያጩ ግን እዚያው ይቆማል።

መፍትሔው ስምምነቱን ከመቀሱ ማስቀደም ነው። ዋጋው መጀመሪያ ይቆረጥ። «ወርቁ የተባለውን ግራምና ካራት ሆኖ ከተገኘ በዚህ ዋጋ ተሸጧል፤ ካልሆነ ይመለሳል» ተብሎ በሁለት ምስክር ፊት ይጻፍ። ገንዘቡ ዝግጁ ይሁን። ከዚያ ሁለቱም በማያውቃቸው፣ ከሽያጩ ጥቅም በሌለው ሦስተኛ ወርቅ ሠሪ ፊት ካርዱ ይከፈት፤ ይመዘን፣ ይፈተሽ። የምርመራ ክፍያውን ገዢው ይቻል፤ እርግጠኛ መሆን የፈለገው እሱ ነውና። ለዚህ ሽማግሌ የማያጣ ሰፈር ነው፤ እንኳን ለወርቅ ለበግም ምስክር ይቆማል።

ገዢ የሆነ ሰው ደግሞ ሕጉ ለእሱ የተገላቢጦሽ ነው። ለባለቤት ማሸጊያ ሀብት ነው፤ ለገዢ ማሸጊያ ወሬ ነው። «ታሽጓል እኮ፣ ምን ያጠራጥራል!» ብሎ የሚያጣድፍ ሻጭ ከመጣ ጥርጣሬው መጀመር ያለበት እዚያው ላይ ነው። በተለይ ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ፣ በመንገድ ዳር፣ «ቸግሮኝ ነው» በሚል ሰው እጅ የታሸገ ወርቅ ሲቀርብ ማሸጊያው ማስረጃ ሳይሆን ማጥመጃ ሊሆን ይችላል።

ገና ሊገዙ ላሰቡም አንድ ነገር ይታከል። ያለን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ትልቅ ጥፍጥፍ ማድረግ ዋጋው ይረክስ ይሆናል፤ ትንንሾቹ በግራም ትንሽ ይወደዳሉ። ነገር ግን 50 ግራም ያላት ሴት 5 ግራም ብቻ ሲቸግራት ትልቁን ማስቆረጥ አለባት። አሥር ትንንሽ ካርድ ያላት ግን አንዱን ብቻ ትከፍታለች፤ ዘጠኙ እንደታሸጉ ይቀራሉ። ለዚህች ሴት ትንሿ ጭማሪ ኪሳራ ሳትሆን የነጻነት ዋጋ ናት።

በዚያ ቤት ያለው ክርክር እንግዲህ እንዲህ ይታረቃል። ወንድም ወርቁ በመጣበት ሳምንት፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ሳይከፈት የሚቻለው ፍተሻ ይደረግ ሲል ትክክል ነው፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን መጠራጠር አሁን ይገድለዋል። ልጅቱ ማሸጊያው አይቀደድ ስትል ትክክል ናት፤ ብቻ ከካርዱ ጋር ደረሰኙን ትጠቅልል። እናትም ወርቅ ይታይ ስትል ትክክል ናት፤ ግን ወርቅ ሠሪው ጋ ከመሄዷ በፊት 10 ግራም ጥፍጥፍ በ18 ካራት 13.3 ግራም እንደሚሆን ትወቅ። ያን ዕለት ካልኩሌተር የያዘች የልጅ ልጅ አብራት ብትሄድ የበለጠ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ኬሚስት፣ ዘበኛና የብረት በር ነበረው። የመሐረቧ ባለቤት ከዚህ አንዱም የላትም። እሷ ያላት ሚዛን ማየት የሚችል ዓይንና «እስቲ ይመዘን» ለማለት የማያፍር አፍ ነው። በ2000 ዓ.ም. ያ ሁሉ ጥበቃ ባለበት ቤት የጠፋው እሱ ነበር።